ዊንዶውስ አፕዴት ሲያስቸግር፦ ከመዝጋት ይልቅ መግራት

ሥራ መሃል «ሪስታርት ላድርግ» እያለ የሚነዘንዝ፣ የተገዛውን ዳታ ሳያስፈቅድ የሚጨርስ፣ 30 ፐርሰንት ላይ ተገትሮ የሚያድር፣ ሲነጋ ደግሞ «ለውጦቹን ወደነበሩበት እየመለስኩ ነው» የሚል ኮምፒውተር ያላስመረረው ሰው ጥቂት ነው። ብዙዎች ተማርረው የሚወስዱት እርምጃ አፕዴቱን ከነጭራሹ መዝጋት ነው። መዝጋት ግን ችግሩን ያጠራቅመዋል እንጂ አያጠፋውም። ስድስት ወር ተዘግቶ የከረመ ኮምፒውተር አንድ ቀን ሲከፈት የሚያወርደው ብዙ፣ የሚጭንበት ጊዜ ረጅም፣ መሃል ላይ የመሰናከል ዕድሉም ሰፊ ይሆናል።

የሚያስቸግርበት ምክንያት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ወይ ሲ ድራይቭ ላይ በቂ ቦታ የለም፣ ወይ ኮምፒውተሩ በትክክል ሪስታርት አልተደረገም፣ ወይ ማውረዱ ወይም መጫኑ መሃል ላይ ተቋርጧል። ሦስቱንም ያለ ባለሙያ ማስተካከል ይቻላል። እዚህ የተጠቀሱት የሜኑ ስሞች የዊንዶውስ 11 ናቸው። ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ የአፕዴቱን ክፍል «ሴቲንግስ» ውስጥ «አፕዴት ኤንድ ሴኪዩሪቲ» በሚለው ሥር ታገኙታላችሁ።

ሻት ዳውን ሪስታርት አይደለም

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ካወቀው በኋላ ግን ብዙ ጣጣ የሚቀልለት ነገር ስለሆነ ከዚህ እንጀምር። «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኤስኬፕ» የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ፤ «ታስክ ማኔጀር» ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ሲፒዩ» የሚለውን ስትመርጡ ከግራፉ በታች «አፕ ታይም» የሚል ጽሑፍ አለ። ከሥሩ ያሉት በሁለት ነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ ናቸው። ላፕቶፑን ማታ ማታ የሚያጠፋ ሰው እዚያ ቦታ ላይ «12:04:31:09» የሚል ሲያይ ግራ ይገባዋል። ኮምፒውተሩ ከ12 ቀን በላይ በትክክል አልተዘጋም ማለት ነው።

ይህ የሚሆነው «ፋስት ስታርትአፕ» በሚባለው አሠራር ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ «ሻት ዳውን» ስትሉ የከፈታችኋቸው ፕሮግራሞች ይዘጋሉ፤ የዊንዶውስ እምብርት የሆነው ከርነልና እንደ ድምፅና ዋይፋይ ያሉትን ዕቃዎች የሚያሠሩት ድራይቨሮች ሁኔታ ግን ዲስክ ላይ ተቀድተው ይቀመጣሉ። በማግስቱ ስታበሩት ዊንዶውስ ካቆመበት ይቀጥላል። ቶሎ የሚነሳውም ለዚህ ነው። ለአፕዴት ግን ይህ አይመችም። በሥራ ላይ ያለ የሲስተም ፋይል በአዲስ የሚተካው ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ እንደገና ሲነሳ ስለሆነ፣ አንዳንድ አፕዴቶች በተራ ሻት ዳውን ሳያልቁ ይቀራሉ። «ሪስታርት» ግን ፋስት ስታርትአፕ ቢኖርም ባይኖርም ሁልጊዜ ሙሉ ነው።

ስለዚህ አፕዴት «ፔንዲንግ ሪስታርት» ብሎ ሲጠብቅ አጥፍቶ ማብራት አይበቃም፤ «ሪስታርት» የሚለውን ራሱን ምረጡ። ለሌላው ጊዜ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ሪስታርት የማድረግ ልማድ ይኑራችሁ። ፋስት ስታርትአፕን ጨርሶ ማጥፋት ከፈለጋችሁ «ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ፓወር ኦፕሽንስ»ን ክፈቱና ከግራ በኩል «ቹዝ ዋት ዘ ፓወር በተንስ ዱ» የሚለውን ምረጡ። ከላይ ያለውን «ቼንጅ ሴቲንግስ ዛት አር ከረንትሊ አንአቬይለብል» ካልነካችሁ ከታች ያሉት ምርጫዎች ደብዝዘው ይቆያሉ። እሱን ነክታችሁ የ«ተርን ኦን ፋስት ስታርትአፕ»ን ምልክት አንሱና «ሴቭ» በሉ። ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ያለው ኮምፒውተር በዚህ ምክንያት የሚዘገየው በጥቂት ሰከንድ ነው። በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ልዩነቱ ስለሚሰማ እዚያ ባለበት ትቶ በየሳምንቱ ሪስታርት ማድረግ ይሻላል።

ቦታ ማስለቀቅ

በየወሩ ለሚመጣው አፕዴት ጥቂት ጊጋባይት ነፃ ቦታ ይበቃዋል። ወደ አዲስ የዊንዶውስ ስሪት ለመሸጋገር ግን ሲ ድራይቭ ላይ ቢያንስ 20 ጊጋባይት ባዶ መኖር አለበት። ቦታው ያን ያህል የሚያስፈልገው አዲሱ ዊንዶውስ ሲገባ አሮጌው ወዲያው ስለማይጠፋ ነው። መመለስ ቢያስፈልግ ተብሎ «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ለ10 ቀን ይቀመጣል።

«ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ስቶሬጅ»፣ ከዚያ «ቴምፖራሪ ፋይልስ» ግቡ። ቆጥሮ እስኪጨርስ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ከሚመጣው ዝርዝር «ዊንዶውስ አፕዴት ክሊንአፕ»፣ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ፋይልስ» እና «ቴምፖራሪ ፋይልስ» የሚሉትን ያለ ስጋት ምልክት አድርጋችሁ ማጥፋት ትችላላችሁ። ሁለቱን ግን ሳታስቡ እንዳትነኩ። አንደኛው «ዳውንሎድስ» ነው፤ ስሙ ከጊዜያዊ ፋይሎች ጋር ተሰለፈ እንጂ እናንተ ከኢንተርኔት ያወረዳችሁትን ሰነድና ፎቶ ሁሉ የያዘው ፎልደር ነው። ሁለተኛው «ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽንስ» ነው፤ እሱን ካጠፋችሁ ወደ አሮጌው ስሪት መመለሻ መንገዱ አብሮ ይጠፋል። አዲሱ ስሪት በደንብ መሥራቱን እስክታረጋግጡ ተዉት፤ በ10 ቀኑ ራሱ ያጸዳዋል።

ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ዊንኤስኤክስኤስ» የሚባል ትልቅ ፎልደር ታዩ ይሆናል። በእጅ አታጥፉት። የዊንዶውስ ክፍሎች ሁሉ መጠባበቂያ እዚያ ነው ያለው፤ ከተነካካ የሚቀጥለው አፕዴት የሚያርፍበት ያጣል። የጠቀስነው «ዊንዶውስ አፕዴት ክሊንአፕ» እሱኑ በሥርዓት የሚያጸዳ ነው።

ጠቅላላ ማስቀመጫቸው 32 ወይም 64 ጊጋባይት የሆነ ርካሽ ላፕቶፖች ሁሉም ነገር ጸድቶም ላይበቃቸው ይችላል። ለእነዚህ ዊንዶውስ ራሱ ቦታ ሲያጥረው ውጫዊ ዲስክ ወይም ፍላሽ እንድትሰኩ ይጠይቃል። 10 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ባዶ ያለው ፍላሽ ሰክታችሁ ምረጡት፤ መጫኑ እስኪያልቅ ደግሞ አትንቀሉት።

ሰዓቱንና ዳታውን በእጅ ማስገባት

ሥራ መሃል ሪስታርት እንዳያደርግባችሁ «ዊንዶውስ አፕዴት» ውስጥ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «አክቲቭ አወርስ»ን ክፈቱ። «ማኑዋሊ» ብላችሁ የሥራ ሰዓታችሁን ራሳችሁ አስገቡ። እስከ 18 ሰዓት የሚደርስ ርዝመት ይቀበላል፤ ከጠዋቱ እስከ እኩለ ሌሊት ብትሉም ይሆናል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ውስጥ ዊንዶውስ በራሱ ፈቃድ ሪስታርት አያደርግም። ከሰዓቱ ውጪ ሲያደርግ ግን ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ሊጠፋ ስለሚችል ክፍት ትታችሁት አትሂዱ። «ኖቲፋይ ሚ ዌን ኤ ሪስታርት ኢዝ ሪኳየርድ» የሚለውንም አብሩት፤ ቀድሞ ያስጠነቅቃችኋል።

ዳታ በመጠን ገዝታችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ዋናው መሣሪያ «ሚተርድ ኮኔክሽን» ነው። «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ «ዋይፋይ»፣ ከዚያ የተገናኛችሁበትን ኔትወርክ «ፕሮፐርቲስ» ከፍታችሁ ታበሩታላችሁ። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ አብዛኛውን አፕዴት አያወርድም፤ በጣም አስፈላጊ የሚላቸው ጥቂቶች ሊያልፉ ይችላሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ምርጫው የሚሠራው ለዚያ አንድ ኔትወርክ ብቻ ነው። የስልካችሁን ሆትስፖት ሚተርድ አድርጋችሁ ነገ ከሌላ ሰው ሆትስፖት ጋር ብትገናኙ አፕዴቱ ያለ ከልካይ ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ኔትወርክ ለየብቻ መደረግ አለበት። በሌላ በኩል ሁሉንም ኔትወርክ ሚተርድ አድርጎ መርሳት አፕዴትን ከመዝጋት አይለይም። ቢያንስ አንድ ኔትወርክ ክፍት ይሁንና በወር አንዴ እዚያ ላይ አውርዱ።

«ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚለውንም እዚያው «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ እዩት። ዊንዶውስ አፕዴትን ከሌሎች ኮምፒውተሮች ተቀብሎ ለሌሎች የሚያቀብልበት መንገድ ነው። በአንድ ቢሮ ወይም ቤት ውስጥ ብዙ ኮምፒውተር ካለ «ዲቫይስስ ኦን ማይ ሎካል ኔትወርክ» የሚለው ጥሩ ነው፤ አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ፣ ዳታም ይቆጠባል። ኢንተርኔት ላይ ላሉ ኮምፒውተሮች ጭምር የሚያካፍለውን ምርጫ ግን አትምረጡት፤ የእናንተን መስመር ለማታውቁት ሰው ያውላል።

የትኛውን ቶሎ፣ የትኛውን ቆየት ብሎ

አፕዴት ሁሉ አንድ አይደለም፤ አያያዙም እንደዚያው ይለያያል። በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ የሚለቀቀው የደህንነት አፕዴት ቀዳዳ መድፈኛ ነው፤ ይህ ብዙ መቆየት የለበትም። እ.ኤ.አ. ሜይ 12፣ 2017 «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ የገባበት ቀዳዳ በማይክሮሶፍት ከተደፈነ ሁለት ወር ሊሞላው ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር፤ መድፈኛው የወጣው ማርች 14 ነው። ከማይክሮሶፍት ድጋፍ እያገኘ የነበረ፣ የማርቹን አፕዴት የጫነ ኮምፒውተር ቫይረሱ በዚያ ቀዳዳ ሊገባበት አይችልም ነበር። ሦስት ቀን ወይም አንድ ሳምንት መቆየት ምንም አይደለም፤ ችግር ካለው እስከዚያ ይታወቃል። ወራት መቆየት ግን በር ከፍቶ ማደር ነው።

በዓመት አንዴ የሚመጣው የስሪት ለውጥ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እሱ ጥቂት ሳምንት ቢቆይ ይሻላል። ኦክቶበር 2018 የወጣው የዊንዶውስ 10 ስሪት 1809 የአንዳንድ ሰዎችን ሰነድና ፎቶ ስላጠፋ ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ አስቁሞ ኖቬምበር 13 ላይ አስተካክሎ እንደገና ለቀቀው። የተጎዱት ዶክመንትና ፒክቸር ፎልደራቸውን ወደ ሌላ ቦታ አዛውረው በአሮጌው ቦታ ፋይል የተዉ ነበሩ፤ አፕዴቱ አሮጌውን ባዶ ቅጂ ነው ብሎ ጠረገው። የመጀመሪያው ቀን ላይ ያልተጣደፈ ሰው ይህ አልደረሰበትም። ስለዚህ «ጌት ዘ ሌተስት አፕዴትስ አዝ ሱን አዝ ዜር አቬይለብል» የሚለው ማብሪያ ጠፍቶ ይቆይ። ስሪት ከመለወጣችሁ በፊት ደግሞ ለሕይወታችሁ የሚያስፈልጉ ፋይሎችን ወደ ውጫዊ ዲስክ ገልብጡና ዲስኩን ንቀሉት።

ለጊዜው ፋታ ካስፈለጋችሁ «ፖዝ አፕዴትስ» አለ፤ እስከ 5 ሳምንት ያቆማል። ፈተና ወይም አጣዳፊ ሥራ ያለበት ሰው በዚህ ይጠቀም። ሰርቪሱን፣ ማለትም ከጀርባ ሆኖ አፕዴቱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ከመዝጋት የሚለየው ጊዜው ሲያልቅ ራሱ መነሳቱ ነው።

ፐርሰንቱ አልንቀሳቀስ ሲል

ፐርሰንቱ የሚቆጥረው የሥራ ደረጃን ነው እንጂ የቀረውን ሰዓት አይደለም። አንዱ ደረጃ በ10 ሰከንድ ሊያልቅ፣ ቀጣዩ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በኤስኤስዲ ላይ 20 ደቂቃ የሚወስደው በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ሁለትና ሦስት ሰዓት መፍጀቱ የተለመደ ነው።

ስለዚህ ከስክሪኑ ይልቅ የዲስኩን መብራት ተመልከቱ። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ወይም የዲስኩ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ሥራ ላይ ነው፤ ተዉት። ቻርጀሩ መሰካቱን ብቻ አረጋግጡ። መብራቱ ከጠፋ፣ ድምፅም ከሌለና ሦስት ሰዓት ካለፈው ግን በእርግጥ ደርቋል። መጀመሪያ ፍላሽ፣ ፕሪንተር፣ ውጫዊ ዲስክ፣ ሜሞሪ ካርድ ያለውን ሁሉ ንቀሉ፤ አንዳንዴ የሚያስቆመው አንዱ ነው። ካልሆነ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ አጥፉትና እንደገና አብሩት። ዊንዶውስ ያልጨረሰውን አፍርሶ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ይህም ራሱ ጊዜ ይወስዳል፣ እሱን ደግሞ እንዳታቋርጡት። ሁለተኛው ማቋረጥ ኮምፒውተሩን ከጥቅም ውጪ ሊያደርገው ይችላል።

የስህተት ቁጥሩ ምን ይላል?

አፕዴት ሳይሳካ ሲቀር የሚሰጠው ቁጥር በዜሮና በ«ኤክስ» ይጀምራል፤ ትርጉም ያለው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። 80070070 ቦታ አነሰ ማለት ነው፤ ከላይ ወዳለው ጽዳት ተመለሱ። 80072ኢኢ2 ከሰርቨሩ መልስ ሳይመጣ ጊዜው አለቀ ነው፤ ኔትወርካችሁን፣ ቪፒኤናችሁንና የውጭ አንቲቫይረስ ካላችሁ ፋየርዎሉን ፈትሹ። 800ኤፍ0922 ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ቪፒኤን መንገድ ዘግቷል፣ ወይ «ሲስተም ሪዘርቭድ» የሚባለው ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ሞልቷል። ቀላሉን አስቀድሙና ቪፒኤኑን አጥፍታችሁ ሞክሩ።

80070422 የአፕዴቱ ሰርቪስ ራሱ ተዘግቷል ማለት ነው። ይህ በተለይ በክራክ የተከፈተ ወይም ተቀናንሶ የተሠራ ዊንዶውስ ላይ፣ እንዲሁም «ኮምፒውተር ያፈጥናል» በሚባሉ ፕሮግራሞች በተነካካ ኮምፒውተር ላይ ይበዛል። የዊንዶውስ ቁልፍንና «አር»ን አንድ ላይ ተጭናችሁ «ሰርቪስስ ነጥብ ኤምኤስሲ» የሚለውን ያለ ክፍተት በላቲን ፊደል ጻፉ። «ዊንዶውስ አፕዴት»ን ሁለቴ ክሊክ አድርጉና «ስታርትአፕ ታይፕ»ን ከ«ዲሴብልድ» ወደ «ማኑዋል» መልሱ፤ የተፈጥሮ ቦታው እሱ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ ተዘግቶ ካገኛችሁት የሚዘጋው ፕሮግራም አሁንም ውስጥ አለ፤ እሱን ፈልጎ ማውጣት ይቀድማል።

80070643 ብዙ መልክ አለው። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ላይ ብዙ ሰው ያየው ግን የማገገሚያ ፓርቲሽኑ ጠቦ ነው፤ የዚያ ወር አፕዴት እዚያ ውስጥ 250 ሜጋባይት ነፃ ቦታ ይፈልግ ነበር። ፓርቲሽን መቆራረጥ የማያውቅ ሰው ለዚህ ብሎ ዲስኩን ባይነካካ ይሻለዋል፤ ሌሎቹ አፕዴቶች ያለ እሱም ይገባሉ።

አንድ ቁጥሩ የማይናገረው ምክንያትም አለ፤ የኮምፒውተሩ ቀን መሳሳት። ቀኑ ወደኋላ ከተመለሰ የአፕዴቱ ሰርቨር የሚያሳየው የደህንነት ሰርተፊኬት ገና ያልጸደቀ ይመስላል፣ ግንኙነቱም ይቋረጣል። ብሮውዘራችሁም ድረ ገጾችን «ደህንነቱ ያልተጠበቀ ነው» እያለ ከከለከለ መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። «ታይም ኤንድ ላንጉዊጅ» ውስጥ «ሲንክ ናው» በሉት። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከመብራት በተነቀለ ቁጥር ቀኑ የሚጠፋ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ አልቋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልት ነው።

ጥገናው በቅደም ተከተል

ቦታ አለ፣ ሪስታርት ተደርጓል፣ ሰዓቱም ልክ ነው፣ አፕዴቱ ግን አሁንም እንቢ ካለ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሂዱ።

አንደኛ፣ የዊንዶውስን የራሱን መርማሪ አሠሩት፦ «ሲስተም»፣ «ትራብልሹት»፣ «አዘር ትራብልሹተርስ»፣ ከዚያ «ዊንዶውስ አፕዴት»።

ሁለተኛ፣ የተበላሸ የሲስተም ፋይል ካለ ጠግኑ፤ 80073712 የሚለውን ቁጥር ካያችሁ በቀጥታ ወደዚህ ኑ። የስታርት ምልክቱን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ተርሚናል አድሚን»ን ክፈቱ። «ዲአይኤስኤም /ኦንላይን /ክሊንአፕ-ኢሜጅ /ሪስቶርሄልዝ» የሚለውን በላቲን ፊደል ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ስላሽ በፊት ክፍተት አለ፣ ከስላሹ በኋላ የለም፣ «ክሊንአፕ» እና «ኢሜጅ» በሰረዝ ይያያዛሉ። ጤነኛ ፋይሎችን ከኢንተርኔት ስለሚያመጣ ግንኙነት ያስፈልገዋል። 62.3 ፐርሰንት ላይ ረጅም ጊዜ ቢቆም አትዝጉት፤ ይቀጥላል። ሲጨርስ «ኤስኤፍሲ /ስካንናው» በሉት። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፤ ሁለተኛው የሚጠግነው የመጀመሪያው ካስተካከለው መጠባበቂያ እየወሰደ ስለሆነ መጠባበቂያው ራሱ ተበላሽቶ ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ሦስተኛ፣ የወረደው ፋይል ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። «ሰርቪስስ» ውስጥ «ዊንዶውስ አፕዴት» እና «ባክግራውንድ ኢንተለጀንት ትራንስፈር ሰርቪስ» የሚባሉትን «ስቶፕ» በሉ። ከዚያ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ «ሶፍትዌርዲስትሪቢውሽን»፣ «ዳውንሎድ» ግቡና በውስጡ ያለውን ብቻ አጥፉ፤ ፎልደሩ ይቆይ። ሪስታርት አድርጋችሁ እንደገና ፈልጉ። ይህ ዘዴ ሁሉም ሰው በመጀመሪያ የሚመክረው ቢሆንም ሦስተኛ ያደረግነው በምክንያት ነው። የወረደው ሁሉ ይጠፋል፤ 90 ፐርሰንት ደርሶ የነበረ ከዜሮ ይጀምራል። ዊንዶውስ የተቋረጠ ማውረድን ካቆመበት መቀጠል ስለሚችል ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ብቻ ከሆነ መታገሥ ዳታ ያድናል።

አራተኛ፣ ሁሉም ካልሠራ ዊንዶውስን በራሱ ላይ መልሶ መጫን ነው። «ሲስተም»፣ «ሪከቨሪ» ውስጥ «ፊክስ ፕሮብለምስ ዩዚንግ ዊንዶውስ አፕዴት» የሚል ካለ «ሪኢንስቶል ናው» በሉት፤ ፋይሎቻችሁም ፕሮግራሞቻችሁም አይነኩም፣ ጥቂት ጊጋባይት ያወርዳል። ከሌለ ሙሉ መጫኛውን የያዘውን የዊንዶውሱን አይኤስኦ ፋይል ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዳችሁ ሁለቴ ክሊክ በማድረግ ክፈቱና «ሴትአፕ»ን አስነሱ። «ኪፕ ፐርሰናል ፋይልስ ኤንድ አፕስ» የሚለው ምርጫ መመረጡን ሳታዩ አትለፉ። ደብዝዞ አልመረጥ ካለ ያወረዳችሁት በቋንቋ ወይም በዓይነት፣ ለምሳሌ «ሆም» እና «ፕሮ» ተለያይቶ፣ ከተጫነው ጋር አልተስማማም። ፎርማት ማስደረግ ብዙ ጊዜ አላስፈላጊ የሚሆነው ይህ መንገድ ስላለ ነው።

ከአፕዴት በኋላ ሲበላሽ

ድምፅ፣ ዋይፋይ ወይም የስክሪኑ ጥራት ብቻ ከተበላሸ ጥፋቱ የድራይቨር ነው። «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ዕቃውን ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ «ድራይቨር» በሚለው ሥር «ሮል ባክ ድራይቨር» በሉ። ደብዝዞ ከሆነ የቀድሞው አልተቀመጠም፤ ከኮምፒውተሩ አምራች ድረ ገጽ በሞዴሉ ስም ፈልጋችሁ ጫኑ። «ድራይቨር በአንዴ የሚያድስ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አታስገቡ፤ ለኮምፒውተሩ ያልተሠራ ድራይቨር ማስገባታቸው ብቻ ሳይሆን ማስታወቂያም ይዘው ይመጣሉ።

ችግሩ የወሩ አፕዴት ከሆነ «አፕዴት ሂስትሪ»፣ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» ግቡና የመጨረሻውን አውጡ፤ ከዚያ ተመልሶ እንዳይገባ ለአንድ ሁለት ሳምንት ፖዝ አድርጉ። ጨርሶ ካልተነሳ፣ የዊንዶውሱ ምልክት ሲታይ በማብሪያው ቁልፍ አጥፉት፤ ይህን ሁለት ጊዜ ከደገማችሁ በሚቀጥለው የጥገና ገጹ ይመጣል። «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» በሉ። «ኳሊቲ» የሚለው የወሩን፣ «ፊቸር» የሚለው የስሪቱን ለውጥ ያወጣል።

እዚህ ገጽ ላይ ዲስክ የሚመሰጥረው የ«ቢትሎከር» 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠየቅ ይችላል። በተለይ ባዮስ የሚባለው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም አፕዴት ከተደረገ በኋላ ይህ የተለመደ ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ የተለወጠ ስለሚመስለው ዲስኩን ይቆልፋል። ብዙ ሰው ዲስኩ መመስጠሩን የሚያውቀው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ቁልፉ ከሌለ ደግሞ ፋይሉን የሚያወጣ ባለሙያ የለም። ኮምፒውተሩ በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈተ ከሆነ ቁልፉ አካውንቱ ውስጥ ይገኛል። ዛሬውኑ ገብታችሁ በወረቀት ገልብጡት፤ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጪም አስቀምጡት።

ዊንዶውስ የማያድሳቸው

ዊንዶውስ አፕዴት የራሱን እንጂ የሌሎችን ሶፍትዌር አያድስም። ክሮም ራሱን ያወርዳል፣ ነገር ግን መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው እስኪከፈቱ አዲሱ ሥራ ላይ አይውልም፤ 40 ታብ ከፍቶ ለወር የሚያቆይ ሰው የወር አሮጌ ብሮውዘር ላይ ነው ያለው። የተጨመቁ ፋይሎችን የሚከፍተው ዊንራር ደግሞ ራሱን ጨርሶ አያድስም። ኦገስት 2023 የወጣው ስሪት 6.23 አጥቂዎች ቀድመው ሲጠቀሙበት የነበረ ቀዳዳ ደፍኗል፤ ከዓመታት በፊት የጫናችሁትን እስካሁን የምትጠቀሙ ከሆነ ቀዳዳው አሁንም ክፍት ነው። አንድ በአንድ ከመፈለግ ተርሚናል ላይ «ዊንጌት አፕግሬድ» ብላችሁ በላቲን ፊደል ጻፉ፤ ያረጁትን ፕሮግራሞች ከነስሪታቸው ይዘረዝራል። ሁሉንም ለማደስ ክፍተት ሰጥታችሁ ሁለት ሰረዝና «ኦል» ጨምሩበት።

ዊንዶውስ 10 ላይ ለቀራችሁ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን ይቀጥላል፤ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ ግን የሚደፍንለት የለም። ስሪቱ 22ኤች2 ከሆነ ለግለሰቦች እስከ ኦክቶበር 13፣ 2026 እንዲሰጥ የተዘጋጀ ተጨማሪ የደህንነት አፕዴት አለ፤ ምዝገባው እዚያው ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ነው። ወደ 11 ለመሸጋገር 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ፣ ሴኪዩር ቡት (ያልታመነ ሶፍትዌር ሲበራ እንዳይነሳ የሚከለክለው) እና ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ክፍል ያስፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩም በኢንቴል በኩል ባብዛኛው ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ መሆን አለበት። ቲፒኤም የለም የተባለ ኮምፒውተር ሁሉ በእርግጥ የለውም ማለት አይደለም፤ ብዙዎች ላይ ባዮስ ውስጥ ጠፍቶ ነው የሚገኘው። በኢንቴል «ፒቲቲ»፣ በኤኤምዲ «ኤፍቲፒኤም» የሚለውን ፈልጋችሁ አብሩት።

የማያሟላ ኮምፒውተር ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ የሚባለውን ነፃ ሲስተም መጫን ሁነኛ አማራጭ ነው፤ ኤልቲኤስ (የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያላቸው) የሚባሉት ስሪቶች 5 ዓመት የደህንነት አፕዴት ያገኛሉ። እዚያ ስትሄዱ የምትገናኙት የመጀመሪያው ብስጭት «ሎክ» የሚል ቃል ያለበት መልእክት ነው፤ ልክ እንዳበራችሁት ከጀርባ የሚሠራው የደህንነት አፕዴት መስመሩን ይዞታል ማለት ነው። የሎክ ፋይሉን አጥፉ የሚለውን ምክር አትስሙ፤ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ደግማችሁ ሞክሩ።